ሾርት ሴል ቤት፦ ሰባተኛ ወራችንን ይዘናል፣ እንጠብቅ ወይስ እንውጣ?

ጠያቂ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ

ሰላም ወገኖች። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ባለፈው ኖቬምበር ዉድብሪጅ ውስጥ አንድ ታውንሃውስ አየን። ሦስት መኝታ ነው፣ ቤዝመንት አለው፣ ትምህርት ቤቱ በእግር ይደረሳል። ማስታወቂያው ላይ ሾርት ሴል ይላል። ኤጀንታችን ሲያስረዳን፣ ባለቤቱ ያለበት የባንክ ዕዳ ቤቱ ከሚያወጣው በልጧል፣ ስለዚህ ባንኩ ከዕዳው ያነሰ ብር ተቀብሎ ቤቱ እንዲሸጥ እየተለመነ ነው አለን። በ365,000 ዶላር እንግዛ ብለን ኦፈር አስገባን። ሻጩ በሁለት ቀን ፈረመ። እኔ ደስታውን አልቻልኩትም፣ በማግስቱ ሄጄ የሳሎን መጋረጃ ገዛሁ። ሳቁብኝ፣ አይከፋኝም።

ይኸው ሜይ እያለቀ ነው። ጃንዋሪ ላይ ባንኩ የሻጩ ወረቀት አርጅቷል፣ እንደገና ይላክ አለ። ፌብሩዋሪ ላይ ፋይሉን የያዘችው ሴትዮ ተቀየረች፣ የተተካው ሰውዬ ከዜሮ ጀመረ። ማርች ላይ አንድ ሰው መጥቶ ቤቱን ፎቶ አንስቶ ሄደ። ኤፕሪል ላይ ዋጋው አንሷል፣ 382,000 ካልሆነ አይሆንም አሉ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሁለተኛ ባንክ አለ ተባልን። ስድስት ወር ሙሉ ሁለተኛ ባንክ የሚል ቃል ከማንም አልሰማንም!

በዚህ መሃል የራሳችን ጉዳይ እየተበላሸ ነው። የአፓርታማው ሊዝ ጁን 30 ያልቃል። አከራዩ ወይ ለአንድ ዓመት ፈርሙ፣ ወይ በየወሩ 250 ዶላር ጨምራችሁ ቆዩ ብሏል። የኤፍኤችኤ (መንግሥት ዋስ የሚሆንለት) ብድራችንን ማረጋገጫ ሁለት ጊዜ አሳድሰናል። በዚያ ላይ ማርች ላይ ዕቁብ ደርሶኝ 12,000 ዶላር በካሽ ባንክ ባስገባ፣ ሌንደሩ (ለእኛ የሚያበድረው) ይህ ብር ከየት መጣ ብሎ ወጥሮ ይዞናል። ዕቁብን ለፈረንጅ እንዴት ነው የሚያስረዱት?

የሚያዘገየው ማነው? እኔ ራሴ ባንኩ ጋ ብደውል ይሰሙኛል? 17 ሺው ይጨመር? ብንወጣስ ያስያዝነው 5,000 ዶላር ይመለሳል? ባለቤቴ ተይው በቃ ብሏል። እኔ አልቆረጠልኝም።

የኤርፖርት ሹፌር

እህቴ፣ ባልሽን ስሚ። ቤት ሞልቷል። እኔ አምስት ወር ጠብቄ ትቼዋለሁ፣ ከዚያ በ40 ቀን ሌላ ገዛሁ። እርግጥ የኔኛው ቤዝመንት የለውም።

ኤጀንቱ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

የቨርጂኒያም የሜሪላንድም ፈቃድ አለኝ፣ ሾርት ሴል ብዙ ሠርቻለሁ።

ከሻጩ ፊርማ ልነሳ። በተለመደው ግዢ ሻጩ ከፈረመ ዋናው ነገር አለቀ። እዚህ ግን የሱ ፊርማ ባንኩን ለመጠየቅ ብቻ ነው የሚያገለግለው። የሚከስረው ባንኩ ስለሆነ ወሳኙም እሱ ነው። ከባንኩ ጀርባ ደግሞ ሌላ አለ። ወርኃዊ ክፍያ የሚሰበስበው ድርጅት ብዙ ጊዜ የብድሩ ባለቤት አይደለም። ባለቤቱ ፋኒ ሜ ወይም ፍሬዲ ማክ (ከባንኮች ብድር የሚገዙ ሁለት ትልልቅ ድርጅቶች) ሊሆን ይችላል፣ ወይ የግል ኢንቨስተር። ብድሩ ላይ የሞርጌጅ ኢንሹራንስ (አበዳሪው ቢከስር የሚክስ) ካለ ኢንሹራንሱም ይጠየቃል። ሁለተኛ ብድር ካለ ያኛውም ባንክ መፈረም አለበት፣ አለዚያ ቤቱ ከዕዳ ነጻ ሆኖ ወደ ስምሽ አይዞርም። አንቺ "ባንኩ" የምትዪው እንግዲህ እስከ አራት ቢሮ ነው።

ብዙ ጊዜ አንቆ የሚይዘው ሁለተኛው ነው። ቤቱ በፎርክሎዠር (ዕዳው ስላልተከፈለ በሐራጅ) ቢሸጥ አንደኛው ባንክ ጠራርጎ ይወስድና ለሱ ምንም አይተርፈውም። ግን ፊርማው እንደሚፈለግ ስለሚያውቅ ይደራደራል። ዋናው ብድር የፋኒ ሜ ወይም የፍሬዲ ማክ ከሆነ፣ ከሽያጩ ለሁለተኛው አበዳሪ የሚሰጠው ቢበዛ 6,000 ዶላር ነው። ሁለተኛው 10 ሺህ ካልሰጣችሁኝ ካለ ነገሩ እዚያ ላይ ይቆማል።

አሁን አንድ ጥያቄ አስጠይቂ። ፋይሉ ኮምፕሊት (የተሟላ) ተብሏል ወይ? ከተባለስ በስንት ቀን? ሻጩ ለምን መክፈል እንዳቃተው የሚገልጽ ደብዳቤ፣ የደሞዝ ወረቀት፣ ታክስ፣ የባንክ ስቴትመንት ያስገባል። አንድ ገጽ ከጎደለ ፋይሉ ኮምፕሊት አይባልም፣ ቀኑም መቆጠር አይጀምርም። እኔ ራሴ ስቴትመንት "ገጽ 6 ከ6" የለውም ተብሎ ተመልሶብኛል። ገጽ 6 ባዶ ወረቀት ነበር! ባዶውን ስካን አድርጌ ላክሁ፣ አለፈ። ስቴትመንት ደግሞ ያረጃል። የሻጩ ኤጀንት በየወሩ አዲሱን ካላከ ፋይሉ ይዘጋል። ጃንዋሪ ላይ የደረሰባችሁ ይሄ ይመስለኛል።

ብድሩ የፋኒ ወይም የፍሬዲ ከሆነ በፈረንጆች 2012 የወጣ መመሪያ አለ። ፋይሉ ከተሟላ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት፣ ካልደረሰ በየሳምንቱ የት እንዳለ ማሳወቅ፣ በ60 ቀን የመጨረሻውን ውሳኔ መናገር ግድ ነው። ብድሩ የማን እንደሆነ ሻጩ በሁለቱ ድርጅቶች ድረ ገጽ ላይ አድራሻውን አስገብቶ ያያል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ባንኩ ጋ መደወሉን ተዪው። ጉዳዩ የሻጩ የግል ጉዳይ ስለሆነ፣ ሻጩ በጽሑፍ የፈቀደለት ሰው ካልሆነ አያናግሩም።

17 ሺውን አሁን አትጨምሩ። ያ ፎቶ ያነሳው ሰው ለባንኩ የዋጋ ግምት ሰጥቷል፣ ብዙ ጊዜ ውስጡን እንኳ በደንብ አያየውም። ጣሪያው ወይም ማሞቂያው ያረጀ ከሆነ የኮንትራክተር ዋጋ አጽፉ። በቅርብ የተሸጡ ሦስት ተመሳሳይ ቤቶች ጨምራችሁ በሻጩ ኤጀንት በኩል ግምቱን ተከራከሩ። ሲቀንሱ አይቻለሁ። እንደማይቀንሱም አይቻለሁ።

5,000ው በውላችሁ ላይ ይወሰናል። ሾርት ሴል ተብሎ የተያያዘው ወረቀት ላይ ባንኩ እስከዚህ ቀን ካልፈቀደ የሚል ቀን ይኖራል። ያ ቀን ካለፈ ብዙ ጊዜ በጽሑፍ አሳውቆ መውጣትና ብሩን ማስመለስ ይቻላል። የመውጫውን ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት ኤጀንታችሁ ውሉን አንብቦ ያሳያችሁ።

ጉዳይ አስፈጻሚ

ይሄን ሁሉ ምን አደከማችሁ። ለሁለተኛው ባንክ የጎደለውን በጎን ክፈሉ፣ ለሻጩም ሁለት ሦስት ሺህ ጣል አድርጉለት። በሳምንት ያልቃል።

ኤጀንቱ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ወንድሜ፣ ይሄን ምክር ለማንም አትስጥ። ክሎዚንግ (ቤቱ የሚተላለፍበት የመጨረሻ ፊርማ) ላይ ገዢም ሻጭም ኤጀንቶችም ዝምድናም ሆነ የተደበቀ ስምምነት የለንም ብለው ይፈርማሉ። የሚከፈል ብር ሁሉ በክሎዚንግ ሂሳቡ ላይ መታየት አለበት። በጎን የተሰጠ ብር የባንክ ማጭበርበር ነው፣ ያውም በፌዴራል ሕግ።

ሞርጌጅ ቤት የምሠራ

የዕቁቡን ነገር ለኔ ተዉልኝ፣ በየሳምንቱ ነው የሚገጥመኝ።

የኔ እህት፣ ዕቁብን ከዜሮ ማስረዳት አይጠበቅብሽም። የኤፍኤችኤ መመሪያ ውስጥ ሰዎች ተሰብስበው የሚቆጥቡበት ማኅበር በግልጽ ተጠቅሷል፣ ለቅድሚያ ክፍያም ይፈቀዳል። የሚፈለገው ማስረጃ ነው። የዕቁቡ ገንዘብ ያዥ ደብዳቤ ይጻፍልሽ፣ ዕቁቡ መቼ እንደተጀመረ፣ ስንት አባል እንዳለው፣ በወር ስንት እንደሚጣል፣ ለአንቺ መቼና ስንት እንደደረሰሽ። የመዝገቡን ገጽ ፎቶ አያይዢ። በየወሩ የከፈልሽውን ከባንክሽ ካወጣሽ ስቴትመንቱ ላይ ይታያል፣ እሱ ትልቅ ማስረጃ ነው። ብድር አለመሆኑን ነው ማየት የሚፈልጉት።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። ዕቁቡ ደርሶሽ ገና የሚቀርሽ ወር ካለ፣ ያ ወርኃዊ መዋጮ እንደ ዕዳ ተቆጥሮ ገቢሽ ላይ ይመዘናል። ስለዚህ ስንት እንደሚቀርሽ አስቀድመሽ ለሌንደሩ ንገሪ። አንዳንዱ ሰው ካሹን በ3 ሺህ በ4 ሺህ ከፋፍለሽ ብታስገቢ ኖሮ ይላል። እንዳትሞክሪው። ከ10,000 በላይ ሲገባ ባንኩ ሪፖርት ያደርጋል፣ ያ ችግር የለውም። ሪፖርቱን ለመሸሽ መከፋፈል ግን ራሱ ወንጀል ነው።

ባንኩ የፈቃድ ደብዳቤ ሳይሰጥ የወለዱን መጠን እንዳይቀየር አታስቆልፉ፣ አፕሬዛልም (የቤቱን ዋጋ ግምት) አታዝዙ። የኤፍኤችኤ አፕሬዛል የሚያገለግለው 180 ቀን ነው፣ ወጪው ደግሞ የእናንተ ነው። ደብዳቤው ከመጣ ግን ሩጫ ነው፣ ብዙ ጊዜ በ30 ቀን አካባቢ ክሎዝ አድርጉ ይላል። ሰባት ወር ያስጠበቀ ሰው ለእናንተ አንድ ቀን አይጨምርም።

ጋሼ ቤዝመንት

ልጄ፣ እኔ ላይ የደረሰውን ልንገርሽ። ዘጠኝ ወር ጠበቅን። ሻጩ መሃል ላይ ቤቱን ለቆ ሄደ። ክረምት ነበር፣ ማሞቂያው ጠፍቷል። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በመስኮት ብመለከት የኩችናው ወለል እንደ እንጀራ ምጣድ ክዳን ወደ ላይ ጎብጧል። ቧንቧ ፈንድቶ ስንት ቀን እንደፈሰሰ እንጃ። ኢንስፔክሽን (የቤት ፍተሻ) ያሠራንበት 500 ዶላር ቀለጠ። ሾርት ሴል ላይ ደግሞ ቤቱ ባለበት ሁኔታ ነው የሚሸጠው፣ ባንኩ አይጠግንም። እኛ ስንከራከር የባንኩ ሌላኛው ክፍል ቤቱን ለሐራጅ አውጥቶት ኖሯል። ቨርጂኒያ ላይ ዳኛ ፊት መቅረብ አያስፈልጋቸውም፣ ማስታወቂያ አውጥተው ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ይሸጡታል። የሰማነው ከተሸጠ በኋላ ነው።

ሻጩ አሁንም ቤቱ ውስጥ አለ? ካለ ተመስገን። ከወጣ ውኃውን ከዋናው ላይ ያስዘጋ። የኤችኦኤ (የመንደሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ውዝፍም ጠይቂ። የኛው ሰውዬ 3,400 ዶላር ነበረበት፣ ባንኩ ከዚህ ውስጥ አንድም ሳንቲም አልከፍልም ብሎ ሁለት ወር በላ።

ሻጭ የነበርኩ

እስቲ ከሻጩ ወገን ልናገር፣ ሁሌ የሚሰማው የገዢው ብቻ ነው። እኔ ሥራዬ ቆሞ ቤቴን በሾርት ሴል ሸጬዋለሁ። ያንን የችግር ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ነው የጻፍኩት። ለማያውቁት ሰው "መክፈል አቃተኝ" ብሎ መጻፍ ቀላል አይደለም። ከሽያጩ ደግሞ ምንም አይደርስህም፣ ስለዚህ ለመቸኮል ምክንያት የለህም። የምትፈራው የቀረውን ዕዳ በኋላ ይጠይቁኝ ይሆን የሚለውን ነው። የባንኩ የፈቃድ ደብዳቤ ላይ ቀሪውን ትተናል የሚል ቃል እስኪጨመር እኔ ሦስት ሳምንት አልፈርምም ብያለሁ። ገዢዎቼ ሰደቡኝ መሰለኝ።

ሻጫችሁን የሚጠቅመው ነገር ይህ ነው። ቤቱ የሚኖርበት ከሆነና የተሟላ ማመልከቻ ከሐራጁ ቀን ከ37 ቀን በላይ ቀድሞ ከገባ፣ ባንኩ ለማመልከቻው መልስ ሳይሰጥ ሐራጁን ማካሄድ አይችልም። ዝም ካሉት ለፌዴራሉ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ አቤቱታ ማስገባት ይችላል። በብድሩ ጉዳይ አቤት ማለት ያለበት እሱ ነው፣ እናንተ አይደላችሁም። በኤጀንቱ በኩል በትህትና አስጠይቁት። እኔ አቤቱታ ካስገባሁ በኋላ ነው የሚደውልልኝ ሰው የተገኘው።

የሁለት ልጆች እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ ወለሉን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። ሻጩ አሁንም እዚያው ነው የሚኖረው፣ ትናንት ማታ በዚያ በኩል አልፌ መብራቱን አይቼ ተመለስኩ።

የተጠየቀውን አስጠየቅሁ። ብድሩ የፍሬዲ ማክ ነው። ፋይሉ ኮምፕሊት የተባለው ሜይ 6 ነው! ከዚያ በፊት የነበረው ስድስት ወር ሁሉ የወረቀት መመላለስ ነበር። ሁለተኛው ባንክ 9,000 ጠይቋል፣ 6 ሺውን ተነግሮት መልስ አልሰጠም። ሻጩ ዛሬ አቤቱታውን አስገባለሁ ብሏል። ጣሪያው 19 ዓመቱ ነው፣ ኮንትራክተር ቅዳሜ ይመጣል።

ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን እስከ ጁላይ 5 ብቻ ልንጠብቅ ተስማማን፣ 60 ቀኑ የሚሞላው ያን ቀን ነው። ቀኑን በጽሑፍ ውሉ ላይ እያስጨመርን ነው። አፓርታማው ላይ 250ውን ከፍለን በየወሩ እንቆያለን። ኤጀንታችን ሌሎች ቤቶችም ማሳየት ጀምሯል፣ እሁድ ሁለት እናያለን። ቤዝመንት የላቸውም።

አንድ የቀረኝ፦ የዕቁባችን ገንዘብ ያዥ እትዬ ደብዳቤውን በአማርኛ ነው የምጽፈው ብለዋል። መዝገቡም በአማርኛ ነው። እኔ 800 ዶላር እየጣልኩ ገና 6 ወር ይቀረኛል።

ሞርጌጅ ቤት የምሠራ

በአማርኛ ይጻፉ፣ ስልካቸውን ከታች ያድርጉበት። አንቺ ደብዳቤውንም መዝገቡንም አስተርጉመሽ ዋናውን አያይዢ። ተርጓሚው አንቺም ባልሽም እንዳትሆኑ። 800ውን ደግሞ ዛሬውኑ ለሌንደሩ በኢሜይል ንገሪው፣ ራሱ ፈልጎ ሳያገኘው።