የደንበኛ ስም በአማርኛ፦ ቫርቻር ወይስ ኤንቫርቻር?

ጠያቂ፦
ሰላም ወገን። ለሰፈራችን ፋርማሲ የደንበኞች መመዝገቢያ እየሠራሁ ነው፤ ዳታቤዙ ኤስኪውኤል ሰርቨር 2019 ነው። የስም ዓምዱ ቫርቻር 50 (ጽሑፍ የሚይዝ የዳታ ዓይነት፣ ልኩ 50) ነው። «ወርቅነሽ» ብዬ ሳስገባ «?????» ይመልስልኛል። ኤንቫርቻር (የሁሉንም ቋንቋ ፊደል የሚይዘው የጽሑፍ ዓይነት) ደግሞ ቦታ በእጥፍ ይበላል አሉኝ። ምን ይሻለኛል? ስልክ ቁጥሩንስ ኢንት (ሙሉ ቁጥር ብቻ የሚይዝ ዓይነት) ላድርገው?

መልስ 1፦
ኤንቫርቻር አድርገው፣ ይለይልህ። በላቲን ኮሌሽን (ዳታቤዙ ፊደልን የሚይዝበትና የሚያወዳድርበት ደንብ) ቫርቻር የግእዝ ፊደል አያውቅም፤ ያላወቀውን በጥያቄ ምልክት ይተካል። የተተካው አይመለስም። ዓምዱን ብትቀይርም የገቡትን ስሞች እንደገና መጻፍ ግድ ነው። ደግሞ ኢንሰርት (መረጃ ማስገቢያ ትእዛዝ) ስትል ከጥቅስ ምልክቱ በፊት የላቲኗን ትልቅ ኤን አስቀድም። እሷን ከዘለልክ ያው ጥያቄ ምልክት ነው። ስልክን ኢንት እንዳታደርግ! የ09ን ዜሮ ይውጠዋል፣ የ+251ን ምልክትም አያስቀምጥም። ቫርቻር 20 ይበቃዋል።

መልስ 2፦
ኤስኪውኤል ሰርቨር 2019 ላይ የዩቲኤፍ-8 (የሁሉንም ቋንቋ ፊደል በባይት የመጻፊያ ዘዴ) ኮሌሽን አለ፤ በእሱ ቫርቻርም አማርኛ ይይዛል። ግን ለእኛ አያዋጣም። አንድ የግእዝ ፊደል በኤንቫርቻር 2 ባይት፣ በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ነው። እዚያ ቫርቻር 50 ማለት 50 ባይት ነው፤ 16 ፊደል ብቻ። ስም ከነአባት ከነአያት የት ይገባል?

ጠያቂ፦
ኧረ ተባረኩ፣ ሠራ! «ኃይሉ» ብዬ ስፈልግ ግን «ሀይሉ» አይመጣም።

መልስ 1፦
እሱን የዳታ ዓይነት አይፈታውም። ሌላ የመፈለጊያ ዓምድ ጨምር። ሐንና ኃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነርባታቸው ቀይረህ እዚያ አስቀምጥ። የሚፈለገውንም ቃል እንደዚያው ቀይረው። ዋናውን ስም እንዳትነካ፤ ደንበኛ ስሜን አበላሸህ ብሎ ይጣላሃል።