ብርዱን ቤት ዘግቶ አገር ቤት መሄድ፦ ማሞቂያውን ላጥፋው?

የደሴዋ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦
ሰላም ለቤቱ። እናቴን አሟታል። ለገና ገብቼ እስከ የካቲት አጋማሽ አጠገቧ ልሆን ነው። ታውንሃውሴ (ከጎረቤት ጋር በግድግዳ የተያያዘው ቤቴ) ባዶውን ይቀራል። ትናንት ከኤችኦኤው፣ ከግቢያችን የቤት ባለቤቶች ማህበር፣ ደብዳቤ ደረሰኝ። ማሞቂያው ከ55 ፋራናይት በታች እንዳይወርድ፣ የውጭው ቧንቧ ከውስጥ እንዲዘጋ፣ በረዶ ከጣለ የደጄ መንገድ እንዲጠረግ ይላል። ከሥሩ ደግሞ ለጋራው ጣሪያ በየቤቱ 2,400 ዶላር ተጨማሪ ክፍያ። ለእናቴ ሕክምና የያዝኩት ያንኑ ያህል ነው። ሰው ለሌለበት ቤት ጋዝ ማቃጠሉ አንገበገበኝ። ባጠፋው ምን ይመጣል? ኢንሹራንስስ ይከፍላል?

ቧንቧ ሠሪው (አሌክሳንድሪያ)፦
እግዜር ይማርልሽ እህቴ። ማሞቂያውን ግን እንዳትነኪው። ውሃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ገደማ ያብጣል። ውጭው ወደ 20 ፋራናይት ሲወርድ ነው የሚያሰጋው። መጀመሪያ የሚመታው በውጭ ግድግዳ በኩል ያለፈው ቧንቧ፣ ከጋራዥ በላይ ያለውና ኩሽና ሲንክ ሥር ያለው ነው። ቧንቧው በብርዱ ይሰነጠቃል፣ ውሃው የሚለቀቀው ግን በረዶው ሲቀልጥ ነው። ሰው ከሌለ ቀን ከሌሊት ይፈሳል። አንድ የገባሁበት ቤት የሳሎኑ ኮርኒስ ከነውሃው ሶፋው ላይ ወርዶ ነበር።

ስትወጪ ዋናውን ውሃ ዝጊ። ብዙ ጊዜ ቤዝመንት ውስጥ፣ በመንገድ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ነው። ከዚያ ከላይ ፎቅ ጀምረሽ ቧንቧውን ሁሉ ክፈቺ፣ ሽንት ቤቱን ልቀቂ፣ የቀረው ከታች ይውረድ። የአትክልት ጎማውን ንቀዪ፤ ተሰክቶ ከቀረ ውስጡ ውሃ ይዞ ቧንቧውን ያፈነዳዋል። ውሃውን ከዘጋሁ ማሞቂያው ምን ያደርግልኛል እንዳትዪ። ኮርኒስሽ ላይ የእሳት ስፕሪንክለር (እሳት ሲነሳ ውሃ የሚረጨው) ካለ እሱ ሁልጊዜ ውሃ ይዟል፤ እሱን መዝጋት ደግሞ አይቻልም።

የቀድሞ ቦርድ አባል (ጀርመንታውን)፦
ስለ 2,400ው ልናገር። በፍሎሪዳ ሰርፍሳይድ በ2021 ሕንፃ ተደርምሶ 98 ሰው አለቀ። ጥገናው ለዓመታት ሲጓተት የቆየ ሕንፃ ነበር። ሜሪላንድም በ2022 ሕግ አወጣ። ማህበሮች የጣሪያና የመንገድ ማደሻ ገንዘብ በየ5 ዓመቱ በባለሙያ ማስጠናት አለባቸው። ለዚህ ነው ክፍያው በየቦታው የጨመረው። የማህበሩን ሂሳብ የማየት መብት አለሽ፤ በጽሑፍ ጠይቂ። በክፍል በክፍል ልክፈል ብለሽም ጻፊ። ዝም ካልሽ ግን ቤትሽ በዕዳው ሊያዝ ይችላል። አንቺ ባለሽበት ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ የእግረኛ መንገድ በረዶው ባቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ መጠረግ አለበት፤ አገር ቤት ነበርኩ ማለት አያድንም።

የቦሌ ልጅ (ሴንት ፖል)፦
ይቅርታ ጋሼ፣ ይሄ ሕግ የሚሉት ሁሉ ከኪሳችን ነው የሚወጣው። እኛ ጋ በየወሩ እንከፍላለን፣ በረዶ ሲጥል ጠራጊው መኪና የሚመጣው ሰው ሥራ ከሄደ በኋላ ነው። ገንዘቡ የት እንደሚገባ ማንም አያውቅም።

የቀድሞ ቦርድ አባል፦
ልጄ፣ ስብሰባ ሄደህ ታውቃለህ? እኔ የማህበሩ ቦርድ ላይ ሳለሁ ግቢው ውስጥ ብዙ አበሻ ነበር። ለበጀቱ ስብሰባ የሚመጣ ግን አልነበረም። ደብዳቤ ሲመጣ ብቻ ነው ስልኬ የሚጮኸው።

እትዬ (ዴንቨር)፦
አትቆጡ ልጆቼ። እኔስ ይህን ሳነብ ግንቦት ትዝ አለኝ። ዝናቡ ሳይገባ አባቴ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አሸንዳውን ይጠርጋል፣ የላላ ቆርቆሮ በምስማር ይመታል። ባል የሌላትን ጎረቤታችንንም ጣሪያ ሠርቶ ነው የሚወርደው። አሁን የአባቴ ቤት ጣሪያ ያፈሳል። የምልከውን ወንድሜ ለሌላ ያውለዋል፤ እኔ እዚህ ለማላውቀው ጣሪያ እከፍላለሁ። ይሄ ያቃጥላል።

የቦሌ ልጅ፦
ጋሼ፣ ማታ ማታ የሚሠራ ሰው በሥራ ሰዓቱ እንዴት ስብሰባ ይምጣ? ሰዓቱን መጀመሪያ ለሠራተኛ አመቻቹ።

የቀድሞ ቦርድ አባል፦
በዙም ነው የሚደረገው! ከመኪናህ ሆነህ ልትሰማው ትችላለህ።

የደሴዋ፦
ወንድሞቼ፣ ማሞቂያውን 55 ላይ እተወዋለሁ፣ ውሃውንም እዘጋለሁ። ኢንሹራንሱን የመለሰልኝ ግን የለም።

ቧንቧ ሠሪው፦
እንደ ውልሽ ነው። ብዙዎቹ ቤቱ መሞቁን ወይም ውሃው መዘጋቱንና መውረዱን ይጠይቃሉ። ቤት ባዶ ሆኖ ስንት ቀን እንደሚፈቅዱ ደውለሽ በኢሜይል አስጽፊያቸው። የማሞቂያውንና የተዘጋውን ውሃ ፎቶ አንሺ።

የቦሌ ልጅ፦
ዙሙ ላይም ማይኩን ይዘጉብናል እኮ ጋሼ። ጥያቄ በጽሑፍ ብቻ ይባላል።

የደሴዋ፦
ነገ እደውላለሁ። በረዶ የሚጠርግልኝ ግን እስካሁን የለኝም። ኋይት ኦክ አካባቢ ያለ የታመነ ልጅ ካለ በውስጥ ይጻፍልኝ፤ በየጊዜው እከፍላለሁ፣ ቁልፍም እተዋለሁ።