ጎንደር ላይ ለሕዝብ የሚሆን የሰማይ ምልከታ ምሽት፦ ቀኑንና ሰልፉን እንዴት እናድርገው?

የክበብ ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሥነ ፈለክ ክበባችን ጥር ላይ ለተማሪና ለወላጅ አንድ ምሽት ሊያዘጋጅ ነው። በእጃችን ባለ 8 ኢንች ዶብሶኒያን ቴሌስኮፕ (በመስታወት የሚሠራ፣ መሬት ላይ በሚቀመጥ መቆሚያ የሚዞር፤ የትኩረት ርቀቱ 1200 ሚሊ ሜትር)፣ ባለ 25 እና ባለ 10 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንስ፣ አንድ ፕሮጀክተር አለ። የምንጠብቀው 120 ሰው ያህል ነው። ሙሉ ጨረቃ በምትወጣበት ቀን ይሁን ያሉ አሉ። ገለጻውስ ይቅደም ወይስ ይከተል?

ጎሃ፦
ሙሉ ጨረቃን ተዉት። ብርሃኑ ፊት ለፊት ስለሚያርፍባት ጥላ አይኖርም፤ ጥላ ከሌለ ደግሞ ጉድጓዱም ተራራውም አይለይም። ሩብ ጨረቃ (ግማሽ ፊቷ የበራ) ትሻላለች፤ ግን እሷም እዚህ አገር ጣጣ አላት። ጎንደር ከምድር ወገብ 12.6 ዲግሪ ብቻ ወደ ሰሜን ስለሆነች፣ ሩብ ጨረቃ ፀሐይ ስትጠልቅ አናት ላይ ናት። ዶብሶኒያን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲያይ ወደ ጎን መዞር እምቢ ይላል፤ ሌንሱም ከፍ ስለሚል ትንንሽ ልጆች አይደርሱበትም። ጨረቃ ከተወለደች ከ4ኛው እስከ 6ኛው ቀን ባለው ምሽት አድርጉት፤ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ ታገኟታላችሁ።

ቦታው ሣር ይሁን። አስፋልትና ቆርቆሮ ቀን የጠጡትን ሙቀት ማታ ሲተፉ ምስሉ ይርገበገባል። ምዕራቡ በኮረብታ አለመከለሉን ቀን ሄዳችሁ እዩ።

መስታወት፦
ሰልፉን በባለ 25ቱ ሌንስ ብቻ አስኬዱት (1200 ለ25 ሲካፈል 48 እጥፍ ያጎላል)። ሰማዩ በደቂቃ ሩብ ዲግሪ ይሸሻል፤ ባለ 25ቱ 1 ዲግሪ ያህል ስለሚያሳይ ጨረቃ አራት ደቂቃ ትቆያለች። በባለ 10ሩ ግን ሁለት ደቂቃ እንኳ አትሞላም፤ ሦስተኛው ሰው ጥቁር ነገር አይቶ ለይሉኝታ «አየሁ» ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ «ጥላው በየት በኩል ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልስ ያጣ አላየም ማለት ነው። ለአንድ ሰው አንድ ደቂቃ ብትሰጡ 120 ሰው ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ሁለተኛ ቴሌስኮፕ ተዋሱ።

ሰው ሲጎነበስ ቱቦውን ይይዛል፣ ዒላማው ይጠፋል። የሚደገፉበት ወንበር አጠገቡ አቁሙ። ቴሌስኮፑ በባጃጅ ከመጣ መስታወቶቹ ሳይነቃነቁ አይቀሩም፦ አንድ ደማቅ ኮከብ መሐል አስገብታችሁ ትኩረቱን አደብዝዙት፤ ቀለበቶቹ ወደ አንድ ጎን ካዘነበሉ ዋናውን መስታወት በብሎኖቹ አስተካክሉ። ቱቦውን ከአንድ ሰዓት በፊት ውጭ አውጡት፤ መስታወቱ ካልበረደ ምስሉ የፈላ ውሃ ይመስላል። ፈላጊዋን (ዒላማ መያዣዋን ትንሽ መነጽር) ቀን ላይ በሩቅ አንቴና አስተካክሏት፤ ፀሐይ ባለችበት አቅጣጫ ግን በፍጹም፣ ዓይን ይጠፋል።

ቀመር፦
ገለጻው ይቅደም። ጥር አጋማሽ ላይ ፀሐይ ከምሽቱ 12፡25 ገደማ ትጠልቃለች፤ ሰማዩ ሙሉ በሙሉ የሚጨልመው 1፡40 አካባቢ ነው። 12፡25 ጀምሩ፣ 25 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ ጨረቃ። ሰልፉ ሲሳሳ የኦሪዮንን ኔቡላ (የጋዝና የአቧራ ደመና) በምሥራቅ በኩል አሳዩ። መብራት ከጠፋ ፕሮጀክተሩ ስለሚቆም ዋና ዋናዎቹን ሥዕሎች በትልቁ አሳትማችሁ ያዙ።

ለገለጻው ርዕስ ባሕረ ሐሳብን (የቤተ ክርስቲያኗን የዘመን ስሌት) አትለፉት፤ ጎንደር ላይ ቀመር የሚያውቅ አድማጭ አይጠፋም። 19 ዓመት 235 የጨረቃ ወር ያህላል፤ ይህ 19 በ28ቱ ዓመት የፀሐይ ዑደት ሲባዛ 532 ዓመት፣ ዐቢይ ቀመር። ግን 19ኙ ዓመት ከ235ቱ ወር በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይበልጣል፣ በ308 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሞላል። ሲጠራቀም ዛሬ በስሌቱና በሰማይዋ ጨረቃ መካከል የቀናት ልዩነት አለ። ስለዚህ ጎሃ ያለውን 4ኛ ቀን ከባሕረ ሐሳብ እንዳትቆጥሩት፤ ሰማይን ከሚያሳየው ፕሮግራም ከስቴላሪየም ውሰዱ፣ በስልክም ይሠራል።

የክበብ ጸሐፊ፦
ይህን ሳላውቅ ከባሕረ ሐሳብ ልቆጥር ነበር። ጥር 10 ወይም 11 ቢውልስ?

ጎሃ፦
ከጥር 10 እስከ 12 አይሆንም፤ ለጥምቀት መንገዱ ሁሉ ሰው ነው፣ ቴሌስኮፕ የጫነ ባጃጅ አያልፍም። የጥር ጨረቃ 4ኛ–6ኛ ቀን እዚያ ላይ ከዋለ ወደ የካቲት ግፉት፤ ያኔ ኦሪዮንም ገና ሲመሽ ከፍ ብሎ ይጠብቃችኋል።