የኩምቡ ሦስት የተራራ በሮች ከመንገድ መሪ ጋር፦ 15 ቀን ይበቃል?

ጥያቄ፦ ከደጋ ነዋሪ

ጤና ይስጥልኝ። በመጪው የመኸር ወቅት በኔፓል ኩምቡ አካባቢ የሚገኙትን ሦስት ከፍተኛ የተራራ በሮች፣ ማለትም ኮንግማ ላን (5,535 ሜትር)፣ ቾ ላን (5,420 ሜትር) እና ሬንጆ ላን (5,360 ሜትር)፣ ከአንድ አስጎብኚ ድርጅት ጋር በእግር ለማቋረጥ አስቤአለሁ። ድርጅቱ የላከልኝ መርሐ ግብር ከሉክላ ተነስቶ ሉክላ እስኪመለስ ድረስ 15 ቀን የሚፈጅ ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት ፋክዲንግ፣ ሁለተኛውን ናምቼ፣ ሦስተኛውን ቴንግቦቼ፣ አራተኛውን ዲንግቦቼ፣ አምስተኛውን ቹኩንግ አሳድሮ በስድስተኛው ቀን ኮንግማ ላን ያሻግራል። ከዚያ ጎራክ ሼፕ ደርሶ የኤቨረስትን ሥረ ሰፈር (ቤዝ ካምፕ) ያሳይና በቾ ላ በኩል ወደ ጎክዮ ይወስዳል። የዕረፍት ቀን ተብሎ የተጻፈው አንድ ብቻ ሲሆን እሱም ጎክዮ ላይ፣ ሁለቱ በሮች ከታለፉ በኋላ ነው።

የምኖረው ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ስለሆነ ድርጅቱ «ለእርስዎ ይህ ፍጥነት አይከብድም» ብሎኛል። ይህ አባባል ምን ያህል እውነት ነው? መንገዱንስ ከየትኛው አቅጣጫ መጀመር ይሻላል? ቀብድ ከመክፈሌ በፊትስ ስለ መንገድ መሪው ምን ምን ማረጋገጥ ይኖርብኛል?

መልስ፦ ከመንገደኛው

እንዲህ ያለ መርሐ ግብር ሲደርስዎ የበሮቹን ቁመት ለጊዜው ይተዉትና በየሌሊቱ የሚያድሩበትን ከፍታ በአንድ ረድፍ ይጻፉት። ፋክዲንግ 2,610፣ ናምቼ 3,440፣ ቴንግቦቼ 3,860፣ ዲንግቦቼ 4,410፣ ቹኩንግ 4,730 ሜትር ነው። በአራት ሌሊት ውስጥ የመኝታዎ ከፍታ ከ2,100 ሜትር በላይ ይጨምራል ማለት ነው። በሕክምናው ዘርፍ ተቀባይነት ያለው ምክር ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር፣ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑም አንድ ቀን ሳይወጡ እንዲያድሩ የሚል ነው። ስለዚህ ናምቼ ላይ ሁለት ሌሊት፣ ዲንግቦቼ ላይም ሁለት ሌሊት ሊኖርዎ ይገባል። እነዚህን ሁለት ቀናት ያልያዘ ዕቅድ የተሠራው ለሰው ሳንባ ሳይሆን ለአውሮፕላን ትኬት ነው ብዬ ነው የምወስደው። በዕረፍቱ ቀን አልጋ ላይ አይዋልም፤ ከናምቼ ወደ ኩምጁንግ፣ ከዲንግቦቼም ከመንደሩ በላይ ወዳለው ጉብታ ወጥቶ፣ ከፍ ያለውን አየር ቀምሶ ዝቅ ብሎ ማደር ነው።

ስለ አቅጣጫው ከጠየቁኝ ድርጅቱ እንዳቀደው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ማለትም ከኮንግማ ላ ጀምሮ በሬንጆ ላ መጨረስ ይሻላል እላለሁ። በተቃራኒው የሄደ ሰው ታሜን (3,820 ሜትር) እና ሉንግደንን (4,380 ሜትር) አልፎ ገና ሰውነቱ ሳይላመድ 5,360 ሜትር ላይ ይገኛል። በምሥራቁ በኩል ግን ዲንግቦቼና ቹኩንግ ላይ ቆም ብሎ ለመላመድ ሰፊ ዕድል አለ።

ኮንግማ ላ ከሦስቱ ረጅሙን ቀን ይወስዳል። በቹኩንግና ከበሩ ማዶ ባለችው ሎቡቼ መካከል ሻይ የሚሸጥበት ቤት እንኳ ስለሌለ የቀኑ ውኃና ምግብ ከቹኩንግ ተይዞ ይወጣል። ከበሩ ማዶ ከወረዱ በኋላ፣ ጉልበት አልቆ ልብ ደርሻለሁ ባለበት ሰዓት፣ የኩምቡን የበረዶ ግግር ማቋረጥ ይቀራል። ግግሩ ከላይ በድንጋይና በአፈር የተሸፈነ ስለሆነ በረዶ አይመስልም፤ መንገዱም በረዶው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ስለሚቀየር ትናንት ያለፈ ሰው የነገረዎት ምልክት ዛሬ ላይገኝ ይችላል። መንገድ መሪ ዋጋው የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

ቾ ላ ሌላ ጠባይ አለው። ከበሩ በፊት ከሚታደርባት ድዞንግላ ገና ሳይነጋ የሚወጣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሌሊቱን ውርጭ አጣብቆ የያዛቸው ድንጋዮች ፀሐይ ሲያገኛቸው ይላቀቃሉ፣ የግግሩም ገጽ ረፋዱ ላይ ይላላል። በረዶው ጠርዝ ላይ ሲደረስ ሁሉም ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ከጫማው ሥር የብረት ጥርስ ያስራል። ይህ ቤት ውስጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ እዚያ ግን ላስቲኩ በብርድ ደርቆ አልለጠጥ ይላል፣ ጓንት ካልወለቀ ተረከዙን አያልፍም፣ ጓንት ከወለቀ ደግሞ ጣት ወዲያው ይደነዝዛል። ጥሩ መሪ ከዋዜማው ማታ ማረፊያ ቤቱ ውስጥ እያንዳንዱን ሰው ጓንቱን ሳያወልቅ እንዲያስርና እንዲፈታ ያለማምዳል። በምዕራቡ ቁልቁለት ደግሞ አንዱ የነካው ድንጋይ ሌላው ላይ እንዳይወርድ ሰዎቹን አራርቆ ነው የሚያስወርደው። ድርጅቱን ሲያነጋግሩ የብረቱን ጥርስ ማን እንደሚያቀርብ ይጠይቁ፤ መልሱ ስለ ዝግጅታቸው ብዙ ይነግርዎታል።

ሬንጆ ላ በአንጻሩ የድንጋይ ደረጃ የተሠራለት መንገድ ስላለው፣ በረዶ ካልጣለ በስተቀር፣ ትንፋሽ እንጂ ብልሃት አይጠይቅም።

መልስ፦ ከጤና ባለሙያዋ

ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው፤ እኔ በደጋ መኖርን በሚመለከተው ነጥብ ላይ ልጨምር። በ5,500 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 በመቶ ገደማ ቢሆንም በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው መጠን ግማሽ ይሆናል። በደጋ መኖር ከቆላ ከመጣ ሰው ይልቅ እስከ ናምቼ አካባቢ ድረስ ቀለል ሊያደርግልዎ ይችላል፤ ለቹኩንግ ግን ዋስትና አይሆንም። የአካል ብቃትም እንዲሁ ከከፍታ ሕመም አያድንም፤ እንዲያውም ጠንካራ እግር ያለው ሰው ፈጥኖ ወጥቶ ቀድሞ የሚታመምበት ጊዜ ብዙ ነው።

ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማቅለሽለሽና ያልተለመደ ድካም ከታየብዎ ምልክቱ እስኪጠፋ ድረስ ካሉበት ወደ ላይ አንዲት እርምጃ አይጨመርም። ከዚህ አልፎ ሰውየው እንደሰከረ ከተንገዳገደ፣ ወይም ተረከዙን ከሌላው እግሩ ጣት ጋር እያገናኘ ቀጥ ባለ መስመር መራመድ ካቃተው አንጎሉ ማበጥ ጀምሯል። ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ የሚያስለውና ከንፈሩ የሚጠቁረው ደግሞ ሳንባው ውኃ እየቋጠረ ነው። በሁለቱም ሁኔታ «ይንጋና እንየው» የሚባል ነገር የለም፤ ጨለማም ቢሆን ሰው ተደግፎ ወይም ታዝሎ መውረድ ነው። ኦክስጅንም ሆነ ዴክሳሜታሶንና ኒፌዲፒን የተባሉት መድኃኒቶች ጊዜ ይገዛሉ እንጂ መውረድን አይተኩም።

ለመከላከያ በብዛት የሚታዘዘው አሴታዞላማይድ 125 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ሲሆን መውጣት ከመጀመሩ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይጀመራል። ጣት መጠዝጠዙና ሽንት መመላለሱ የታወቀ ጠባዩ ስለሆነ አያስደንግጥዎ፤ ለሰልፋ መድኃኒቶች አለርጂ ካለብዎ ግን ከሐኪምዎ ጋር ሳይነጋገሩ እንዳይወስዱት። የእንቅልፍ ኪኒን ትንፋሽን ሊያዳክም ስለሚችል በራስዎ ፈቃድ አይውሰዱ። ብዙ መሪዎች ማታ ማታ ጣት ላይ የሚያደርጉት የኦክስጅን መለኪያም ጠቃሚ ቢሆንም የቀዘቀዘ ጣት የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩን አይቶ ራስ ምታትዎን ሳይጠይቅ የሚያልፍ መሪ ካጋጠመዎ እርስዎ ራስዎ ይንገሩት።

ዲንግቦቼ ላይ ሁለት ሌሊት ካደሩ የዕረፍቱን ቀን ከጉብታው ማዶ ባለችው ፌሪቼ ይጠቀሙበት። እ.ኤ.አ. በ1973 የተመሠረተው የሂማላያ ነፍስ አድን ማኅበር በእግር ጉዞ ወቅቶች እዚያ ክሊኒክ ይከፍታል፤ ሐኪሞቹም ስለ ከፍታ ሕመም ለተጓዦች ገለጻ ይሰጣሉ።

መልስ፦ ከመንገድ መሪዎች ጋር የሠራ

ሦስተኛውን ጥያቄ እኔ ልውሰደው። የኔፓል ቱሪዝም ቦርድ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 ቀን 2023 ጀምሮ የውጭ አገር ተጓዦች ፈቃድ ካለው መንገድ መሪ ጋር እንዲሄዱ የሚያስገድድ ደንብ ቢያወጣም የኩምቡ ፓሳንግ ላሙ ገጠር ማዘጋጃ ቤት በክልሉ አላስፈጽምም በማለቱ እዚያ ያለ መሪ የሚጓዙ ብዙ ናቸው። እርስዎ ግን ሦስቱን በሮች የሚያቋርጡ ከሆነ መሪ መያዝዎ ተገቢ ነው፤ መጠየቅ ያለብዎት መሪው ምን የማድረግ ሥልጣን እንዳለው ነው። አየሩ ከከፋ ወይም ሰው ከታመመ ካትማንዱ ደውሎ ሳያስፈቅድ ጉዞውን ማቆም ይችላል? አንድ ሰው መውረድ ካለበት አብሮት የሚወርድ ረዳት መሪ አለ? የተመለሰ ቡድን ያላለፈው በር ከመሪው ደመወዝ ወይም ጉርሻ ላይ የሚያጎድለው ነገር አለ? ድርጅቱ እነዚህን በጽሑፍ ካልመለሰ ሌላ ይፈልጉ።

ይህን የምለው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 በአናፑርና መንገድ በቶሮንግ ላ (5,416 ሜትር) የደረሰውን በማስታወስ ነው። ሁድሁድ የተባለው የባሕር ወጀብ ርዝራዥ በጉዞው ዋነኛ ወቅት ከባድ በረዶ ጥሎ በአካባቢው ከ40 በላይ ተጓዦች፣ መንገድ መሪዎች፣ ተሸካሚዎችና ነዋሪዎች ሞተዋል። ጥቅምት ሰማዩ ጥርት የሚልበት ወር ነው የሚባለው በአብዛኛው እውነት ቢሆንም በሩ ሥር አንድ ቀን ተቀምጦ የሚጠብቅ ቡድንና ትኬቱ የሚያጣድፈው ቡድን በእንዲህ ያለ ቀን ዕጣቸው ይለያያል።

ተሸካሚዎችንም አይርሱ። ብዙዎቹ ከዝቅተኛ ኮረብታዎች የሚመጡ እንጂ ከፍታው ላይ የተወለዱ ሼርፓዎች ስላልሆኑ እንደ እርስዎ ራሳቸውን ያማቸዋል፤ ሥራው እንዳይቀርባቸው ሲሉም ይደብቁታል። ለደኅንነታቸው የሚሟገቱ ወገኖች ለኔፓል ያስቀመጡት የሸክም ጣሪያ 30 ኪሎ ግራም ነው። ለቾ ላ የሚሆን ጫማ፣ ጓንትና የፀሐይ መነጽር ማን እንደሚሰጣቸው፣ መድን እንዳላቸውና ሲታመሙ ብቻቸውን እንደማይሰደዱ ያረጋግጡ።

የራስዎ የጉዞ መድንም እስከ 6,000 ሜትር የእግር ጉዞንና የሄሊኮፕተር ማውረድን በግልጽ የሚሸፍን ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2018 የኔፓል መንግሥት የመረመረው ቅሌት እንዳሳየው ቀላል ራስ ምታት ያለባቸውን ሰዎች ሳያስፈልግ በሄሊኮፕተር አስወርደው የመድን ኩባንያዎችን ያስከፈሉ ነበሩ። ስለዚህ የመድንዎን የድንገተኛ ስልክ ቁጥር ራስዎ ይያዙት።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ ከደጋ ነዋሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ድርጅቱን ሳነጋግር ናምቼና ዲንግቦቼ ላይ አንድ አንድ ሌሊት ለመጨመር ተስማምቷል፤ ጉዞው ከ15 ቀን እንዳያልፍ ግን ጎራክ ሼፕንና ሥረ ሰፈሩን ትቶ ከሎቡቼ በቀጥታ ወደ ድዞንግላ እንዲሄድ ሐሳብ አቀረበ። ኤቨረስትን ሳላይ እንዳልመለስ ሰጋሁ።

መልስ፦ ከመንገደኛው

ሳያመነቱ ይቀበሉ። ከሥረ ሰፈሩ የኤቨረስት ጫፍ አይታይም፤ ጫፉን ለማየት የሚወጣው ከጎራክ ሼፕ በላይ ወዳለው ካላ ፓታር ነው። ሰማዩ ከጠራ ከሬንጆ ላ አናት ኤቨረስትን፣ ሎትሴንና ማካሉን ከጎክዮ ሐይቅ በላይ ተደርድረው ያገኟቸዋል። ቹኩንግ ላይ ራስ ምታት ከጀመረዎ ደግሞ ኮንግማ ላን ትተው በቱክላ በኩል ወደ ሎቡቼ መሄድ እንደሚቻል፣ ለዚህም ተጨማሪ ክፍያ እንደማይጠየቅ ውሉ ላይ ይጻፍ።

አሁን የቀረው የመጠባበቂያ ቀን ጉዳይ ነው። የሉክላ አውሮፕላን ማረፊያ በደመና ምክንያት ቀኑን ሙሉ ሊዘጋ ይችላል፤ በተጓዥ ብዛት በሚጨናነቀው ወቅትም አብዛኞቹ በረራዎች ከካትማንዱ በመኪና ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ከሚያስኬደው ራሜቻፕ ነው የሚነሡት። ከሉክላ በሚመለሱበት ቀንና ከካትማንዱ ወደ ውጭ በሚበሩበት ቀን መካከል ቢያንስ ሁለት ባዶ ቀናት ይተዉ፤ የዓለም አቀፍ ትኬትዎም ቀኑን ለመቀየር የሚፈቅድ ይሁን።