ማጥፊያውን ካጠፉት በኋላ ኢቲ 302 ለምን አልተረፈም?

ጉጉት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ኢትዮጵያ አየር መንገዱ በረራ ኢቲ 302 ሲወራ አንድ ነገር አይገባኝም። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ ነበር። መጋቢት 1 ቀን 2011 ጠዋት ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነስቶ በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አካባቢ ወደቀ፣ 157 ሰው አለቀ። ጥፋተኛው ኤምካስ የሚባለው፣ የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ቁልቁል የሚደፋው ሲስተም ነው ተባለ። አብራሪዎቹ ግን ቦይንግ ያዘዘውን ማጥፊያ አጥፍተው ነበር ይባላል። ታዲያ ካጠፉት ለምን ወደቀ? አንዳንዱ «የፓይለቶቹ ጥፋት ነው» ሲል በጣም ያመኛል፣ የምመልሰው ግን የለኝም። የሚያውቅ በቀላሉ ያስረዳኝ።

ክንፈኛ፦
አዎ፣ አጥፍተውታል። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አውሮፕላኑ ገና ከመሬት እንደለቀቀ የግራው ሴንሰር ተበላሸ። ከአፍንጫው ጎን ያለች ትንሽ ነገር ናት፣ ነፋሱ ከየት በኩል እንደሚመጣ የምትለካ። የግራዋ 74 ዲግሪ ገደማ ስትል የቀኟ 15 ገደማ ነበረች። ኤምካስ የሚሰማው ግን አንዷን ብቻ ነው። የግራዋን አምኖ «አፍንጫው ከልክ በላይ ሽቅብ ወጥቷል» ብሎ የጅራቱን አግድም ክንፍ አንቀሳቀሰና አውሮፕላኑን ቁልቁል ደፋው። ደጋግሞ።

ማጥፊያው ሲጠፋ ኤምካስ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፣ ጅራቱን የሚያንቀሳቅሰው የኤሌክትሪክ ሞተርም አብሮ ይጠፋል። ከዚያ የሚቀረው በሁለቱ ወንበሮች መካከል ያለው በእጅ የሚዞር መዘውር ነው። ፍጥነቱ ከፍተኛ ስለነበር ነፋሱ ጅራቱን ተጭኖት መዘውሩ አልዞር አለ። ረዳት አብራሪው ሞክሮ አልቻለም። ሁለቱም መሪውን እየሳቡ ነው ይሄ ሁሉ። በመጨረሻ ኤሌክትሪኩ ተመልሶ ሲበራ ኤምካስም አብሮ ተነሳና አንድ ጊዜ ደፋው። ከዚያ በኋላ ማንሳት አልተቻለም።

ማለዳ፦
ጥሩ ማብራሪያ ነው፣ ግን ፍጥነቱን ዝም ብለን አንለፈው። ሞተሮቹ በመነሻው ጉልበት ላይ እንዳሉ ቀሩ፣ አልተቀነሱም። የአሜሪካው መርማሪ ኤንቲኤስቢ የአብራሪዎቹ እርምጃ በኢትዮጵያ መርማሪዎች ሪፖርት በበቂ ሁኔታ አልታየም ብሏል። ሴንሰሩንም ወፍ ሳይመታው አይቀርም ባይ ነው። የኛዎቹ ደግሞ የኤሌክትሪክ ችግር ነው ብለዋል።

ክንፈኛ፦
ማለዳ፣ ፍጥነቱ እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ኮክፒቱ ውስጥ የነበረውን አስቡት እስቲ። የካፒቴኑ መሪ ከተነሱ ጀምሮ እጁ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ «ልትወድቅ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። የግራና የቀኙ የፍጥነት መለኪያ አይገናኝም። ቦሌ ከፍታ ላይ ያለ ሜዳ ነው፣ ተራራም አለ፣ መሬቱም ቅርብ ነው። በዚህ ሁሉ መሃል አፍንጫው በራሱ ጊዜ ይደፋል።

ወፍም ይሁን። በ1988 እ.ኤ.አ. ባህር ዳር ላይ እርግቦች ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገብተው 35 ሰው አልቋል፣ ወፍ አውሮፕላን እንደሚጥል እናውቃለን። ያኔ ግን ሁለቱም ሞተር ነው የተመታው። አንዲት ሴንሰር ስለተመታች 157 ሰው የሚያልቅበት አውሮፕላን መሠራት አልነበረበትም። የኢንዶኔዥያው አየር መንገድ ላየን ኤር ማክስ ላይ ያው ነገር ተፈጥሮ 189 ሰው ከሞተ ገና 5 ወር አልሞላውም ነበር! ቦይንግ በኋላ ምን አስተካከለ? ኤምካስ ሁለቱንም ሴንሰሮች እንዲያነጻጽር፣ ካልተስማሙ እንዳይሠራ፣ ደግሞ ደጋግሞ እንዳይደፋ አደረገው። ጥፋቱ የፓይለቶቹ ብቻ ቢሆን ይሄ ሁሉ ለምን ያስፈልግ ነበር?

ጉጉት፦
ተባረክ፣ አሁን ገባኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ኤምካስ የሚባል ነገር እንዳለ ፓይለቶች ቀድሞ ተነግሯቸው ነበር?

የሰማይ ልጅ፦
ከላየን ኤር አደጋ በፊት አልተነገራቸውም። የአብራሪዎች መመሪያ ላይም አልተብራራም ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ቦይንግ ማስታወሻ የላከው፣ ያ ማስታወሻም ማጥፊያውን አጥፉ ነው የሚለው። መዘውሩ በዚያ ፍጥነት አልዞር ቢልስ? በሲሙሌተር መሠልጠን ግዴታ የሆነው ማክሶቹ ሁሉ ከበረራ ከታገዱ በኋላ ነው።