የዘጌ ቡናዬን ስም ለሌለው ከረጢት ልስጠው? ምክር ፈልጌ ነው

የዘጌዋ

ሰላም የባሕር ዳር ሰዎች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው የመጣሁት።

ቡና ቆልቼ፣ ፈጭቼ፣ አሽጌ እሸጣለሁ። ጥሬውን የማመጣው ከዘጌ ነው። የእናቴ ወገኖች እዚያው ናቸው። ዘጌን የሚያውቅ ያውቃል፤ በበሬ ማረስ አይነካም። አባቶች ሲያወሩ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ከአቡነ በትረ ማርያም የተሰጠን ነው ይላሉ። ቡናው የሚበቅለው ጫካው ውስጥ፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። በጀንፈሉ ደርቆ ይመጣና እኛ ቤት ተፈልፍሎ ይለቀማል። ለቀማው ላይ እናቴ አትቻልም። የተበሳች አንዲት ፍሬ ካየች ሰፌዱን እንደገና ታስይዘኛለች።

ስጀምር ያሰብኩት ቱሪስቱን ነበር። ጠዋት በጀልባ ሄዶ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን አይቶ ሲመለስ ቡና ይገዛል ብዬ። ገዝቷልም፣ አልዋሽም። ከረጢቴም ለእሱ የተሰፋ ነው፤ የሚያብረቀርቅ፣ አየር ማስወጫ ያለው፣ ፊቱ ላይ የደንገል ታንኳ የተሳለበት። ከዚያ ኮሮና መጣ፣ ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ክረምት ወዲህ ያለውን ደግሞ እናንተም ኖራችሁታል። የጀልባ ልጆቹ ካርታ ሲጫወቱ ነው የሚውሉት።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ተባለ። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ከረጢቱ ከውጭ ነው የሚገባው። አስመጪው ስልክ ስደውል ገና ሰላምታ ሳንጨርስ «አዲስ ዋጋ ነው» አለኝ። ከእጥፍ በላይ! ጥሬ ቡናውም አብሮ ወጣ። ዘመዶቼም ስልክ አላቸው፤ የአዲስ አበባን ዋጋ ከእኔ ቀድመው ይሰማሉ። አጎቴ «ለአንቺ ብዬ በርካሽ ልስጥ? ዘይቱን በርካሽ የሚሰጠኝ አለ?» አለኝ። ምን ይመለሳል?

አሁን እኔን የያዘኝ ለቅሶና ማኅበር ነው። ከልቤ ነው። ለለቅሶ ቤት፣ ለዝክር፣ ለሠርግ በኪሎ የሚወስዱ ሰዎች አሉኝ። እነሱ ስለ ከረጢቱ ግድ የላቸውም፤ በፌስታል ብሰጣቸውም ይወስዳሉ። ቢሮ የሚሠሩት ደግሞ ግማሽ ግማሽ ኪሎ ይይዛሉ፤ በቴሌብር ይልኩልኝና ባጃጅ ያደርሳል።

እና ሰሞኑን አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት መጣ። «ቆልተሽ፣ ሳትፈጪ በኩንታል ስጪን፤ በእኛ ስም እናሽገዋለን» ነው የሚለው። ክፍያው በየወሩ ነው፣ መጥፎ አይደለም። ከረጢት አልገዛም፣ ደንበኛ አላሳድድም። ግን ከረጢታቸው ላይ ዘጌ የሚባል ነገር የለም። «ምርጥ የኢትዮጵያ ቡና» ይላል፣ አለቀ። እናቴ «ገንዘቡን ያዢ» ትላለች። እኔ ሆዴ አልቆረጠም። ምን ትላላችሁ?

ባጃጅ 14

እህቴ ሽጪ! ስም አይበላም። ነዳጅ ስንት እንደገባ ታውቂያለሽ? በየወሩ የሚከፍል ሰው ተገኝቶ ነው እንዴ የሚታሰበው?

ጡረተኛው

ልጄ፣ እኔ የጨርቃ ጨርቅ ሰው ነኝ፤ ዕድሜዬን እዚያ ጨርሼ ነው ጡረታ የወጣሁ። ፋብሪካው በ1950ዎቹ ጣሊያን በከፈለችው የጦርነት ካሳ የቆመ ነው። ፖሊ ቴክኒኩና የጢስ ዓባይ መብራትም የዚያው ዘመን ናቸው። ባሕር ዳርን ከተማ ያደረጓት እነዚህ ናቸው ብል አላጋነንኩም።

ፈረቃ ሲለወጥ ብታዪ፣ መንገዱ ብስክሌት ብቻ ነበር። በሩ አካባቢ ጎማ ለጣፊው፣ ዳቦ ሻጩ፣ ጠላ ቤቱ፣ ሁሉም በእኛ ደመወዝ ነው የሚኖረው። ባለቤቴም እዚያው ሻይና ቆሎ ትሸጥ ነበር። ማን ዱቤ እንዳለበት፣ ማን ደመወዙን ጠላ ቤት እንደጨረሰ ከእሷ ነበር የምሰማ። እኔም አንዳንዴ ዝርዝሩ ውስጥ ነበርኩ።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ ልምጣ። ከእኛ በጣቃ የወጣ አቡጀዴ ልብስ ሰፊ ቤት ገብቶ ሱሪ፣ ቀሚስ፣ የትራስ ልብስ ሆኖ ይወጣል። ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ሰፊው ብቻ ነው። ለባሹ «የእገሌ ስፌት» ይላል እንጂ የእኛን ስም አያነሳም። ያኔ አልከፋንም፤ ሌላ ጨርቅ ስላልነበረ ሰፊው የትም አይሄድም። ከ1983 በኋላ ገበያው ሲከፈት የውጭ ጨርቅና ሰልባጅ ጎረፈ። ሰፊው ምን አደረገ? ሰልባጅ ማጥበብና ማሳጠር ጀመረ። እሱ ላይ አልፈርድም፣ ልጆች አሉት። ግን ከለባሹ ጋር ሳንተዋወቅ ኖረን ሰፊው ሲሄድ ለባሹም አብሮ ሄደ።

ያ ድርጅት ነገ ከሌላ ቦታ ረከስ ያለ ቡና ቢያገኝ ይሄዳል፤ ነጋዴ ነው። ለቅሶ ቤቱ ግን አንቺን ነው የሚያውቅ። ኩንታሉን ስጪ፣ እምቢ አትበይ። የቀበሌውን ሰው ግን ለማንም አሳልፈሽ አትስጪ።

ሽንብጥ

ጋሼ የተናገሩት ላይ ልጨምር፤ ሥራዬ ከንግድ ምልክት ጋር የተያያዘ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። «ዘጌ» የቦታ ስም ነው። ብቻውን የአንድ ነጋዴ ንብረት አይሆንም፤ የአንቺም፣ የእነሱም። ስለዚህ «ስሜን ወሰዱት» የሚለው ስጋት ያን ያህል አያስጨንቅሽ። የአንቺ ሊሆን የሚችለው ታንኳዋ ያለችበት ምልክትና ከእሷ ጋር የምትጠሪበት መጠሪያ ነው። ይህን በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ትችያለሽ። ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ከዚያ ይታደሳል። ሳትፈራረሚ በፊት አስመዝግቢ!

የቦታ ስም ዋጋ እንዳለው ደግሞ አገር ያውቃል። ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች መንግሥት ራሱ አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ሊያስመዘግብ ሲሄድ የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ከስታርባክስ ጋር ትልቅ ክርክር ሆኖ በመጨረሻ በ1999 ዓ.ም. ስምምነት ተፈረመ። ስም ባይበላ ኖሮ እነ ስታርባክስ ምን አጨቃጨቃቸው? (ባጃጅ፣ ላንተ ነው።)

ውሉ ላይ ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛ፣ ከረጢቱ ጀርባ ላይ በትንሹም ቢሆን «ከዘጌ ጫካ» የሚል መስመር ይግባ። እምቢ ካሉ ዋጋው ከፍ ይበል። ሁለተኛ፣ በራስሽ ስም ባሕር ዳር ውስጥ መሸጥሽን የሚከለክል አንቀጽ እንዳይኖር አንብቢ። እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው መጨረሻ ገጽ ላይ ነው፤ ሰው ደግሞ መጨረሻ ገጽ ላይ ፊርማውን እንጂ ጽሑፉን አያይም።

ማዶኛ

እኔ አባይ ማዶ ሱቅ አለኝ። ስለ ከረጢቱ ብቻ ልበል። ካኪ ወረቀት ግዢ፣ የታንኳዋን ማህተም አስቀርጪና እየመታሽ ሽጪ። አዲሱ ድልድይ ከተከፈተ ወዲህ የማዶው ደንበኛ ከማለዳ እስከ ማታ ይመላለሳል፤ የሚያብረቀርቅ ከረጢት ግን ማንም አልጠየቀኝም። የሚጠይቁኝ «መቼ የተቆላ ነው?» ብቻ ነው። ቀኑን ጻፊበት። አምጪልኝ፣ እኔም አስቀምጣለሁ።

የዘጌዋ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለእናቴ አነበብኩላት። ባለቤትዎን የምታውቃቸው ይመስላታል፤ «ቆሎዋ ጥሩ ነበር» ብላለች።

ሽንብጥ፣ ውሉን ዛሬ እንደገና አየሁት። ያልከው አንቀጽ አለ! «በክልሉ ተመሳሳይ ምርት» ምናምን ይላል። እሱ ካልወጣ አልፈርምም ብያቸው እናስብበት ብለዋል። ያስቡ። ኩንታሉ ላይ እስማማለሁ፣ ግን ካለኝ ጥሬ ግማሹን ብቻ ነው። ያጎቴም ቡና የሚበቃው ለዚያው ነው፤ የሌላ አገር ቡና ቀላቅዬ ዘጌ ነው ማለት አልፈልግም።

ማዶኛ፣ ወረቀቱ ዘይቱን አይመጥም? የተፈጨው ሁለት ቀን ከቆየ ወረቀቱ ይወዛል ብዬ ነው የምፈራው።

ማዶኛ

ውስጡን ቀጭን ላስቲክ አድርጊ። ዳቦ ቤቶቹ የሚያደርጉትን አላየሽም? ደግሞ ፈጭተሽ አታስቀምጪ፤ ሰው ሲያዝ ፍጪ።

ባጃጅ 14

እሺ ተሸነፍኩ። እሑድ የማኅበሩ ተራ የእኛ ቤት ነው። 3 ኪሎ ስንት ትይኛለሽ?

የዘጌዋ

ተቆልቶ ነው ተፈጭቶ?

ባጃጅ 14

ተቆልቶ። ሚስቴ የተፈጨ አታምንም። ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ፣ የማድረሻ እንዳታስከፍይኝ።