የጎማ ግዢው ረቂቅ፦ አንድ ዓይነት ለሁሉም ይሁን ወይስ እንደየብስክሌቱ?

ጸሐፊዋ
ሰላም ለብስክሌት ማኅበራችን አባላት። ክረምቱ እየወጣ ነው። ከመስቀል በኋላ ወደ ረጃጅሞቹ ጉዞዎች እንመለሳለን። ባለፈው ስብሰባ የጎማ ግዢ ጥያቄ በጋራ አዘጋጅተን ለሥራ አመራሩ እንድናቀርብ ተስማምተናል። እስካሁን የደረሰኝ ሐሳብ አንድ ነው፦ «ለእያንዳንዱ አባል ባለ 25 ኮንቲኔንታል ጂፒ 5000 ሁለት ሁለት ይገዛ»። ምርጥ የውድድር ጎማ ነው፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ለሁላችንም ይሆናል ወይ ነው ጥያቄው። እባካችሁ «ተስማምቻለሁ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። ምክንያታችሁን ጻፉልኝ።

ገንዘብ ያዡ
ለሁሉም ሁለት ሁለት? ካዝናው አይችልም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላር የት እንደደረሰ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከውጭ የሚገባ ጎማ ዋጋው አብሮ ነው የወጣው። ሌላ መላ አምጡ።

መካኒኩ
ከዋጋው በፊት ልኩ ይቅደም። ጎማችሁ ጎን ላይ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ አለ። አንዱ 700 በ25 ይላል። ሌላው 25-622 ይላል። ሁለተኛውን ነው የምፈልገው። 622 ማለት ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር ነው፣ በሚሊሜትር። 25 ደግሞ ስፋቱ።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። አንዳንዶቻችሁ የድሮ ባለ 27 ኢንች ብስክሌት ነው ያላችሁ። እሱ 630 ነው። ባለ 622 ጎማ እዚያ ቸርኬ ላይ በጉልበትም አይገባም። በተቃራኒው ከሆነ ደግሞ ይባስ፤ መግባቱን በቀላሉ ይገባል፣ አየር ሲሞላ ግን ከቸርኬው ወጥቶ ይፈነዳል። ሁለቱም በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው። ቁጥሩን ያላነበበ ሰው ገንዘቡን ይጥላል።

ሁለተኛው ነገር ክፍተቱ ነው። ሰፋ ያለ ጎማ የሚፈልግ ሰው ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ባለ 28 ነው የምመክረው። ግን የቆዩ ብስክሌቶች ፍሬናቸው ጠባብ ነው። አንዳንዶቹ ከ25 በላይ አያሳልፉም። ባለ 4 ሚሊሜትር ብሩግላ ቁልፍ ውሰዱ። አሁን ባለው ጎማና በፍሬሙ መካከል፣ በጎንም በላይም አስገቡት። ከዚያ አዲሱ ጎማ በስንት ሚሊሜትር እንደሚሰፋ አስቡ። ከስፋቱ በኋላም ብሩግላው መግባት አለበት። ካልገባ በጭቃ ቀን ጎማው ፍሬሙን ይበላዋል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ጎማው ላይ 28 ስለተጻፈ ተነፍቶ 28 ይሆናል ማለት አይደለም። የቸርኬው ውስጥ ስፋት 19 ወይም 21 ሚሊሜትር ከሆነ 29ም 30ም ሊሆን ይችላል።

የወጣቶች አሰልጣኝ
መካኒካችን ያለው ልክ ነው። የኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ልጆቹ ይወዳደራሉ። ለውድድር የሚሆን ፈጣን ጎማ ካልያዙ ከመነሻው ተበልጠው ነው የሚገቡት። ጂፒ 5000 ለእነሱ ይቅርላቸው።

መካኒኩ
አሰልጣኝ፣ ለውድድር ይሁን፣ አልቃወምም። ግን ልጆቹ በሳምንት ስድስት ቀን የሚለማመዱት በዚያው ጎማ ነው። ወደ ደብረ ዘይት መስመር ስንወጣ የሚወጋን ምን እንደሆነ ታውቃለህ። የከባድ መኪና ጎማ ሲፈነዳ ከውስጡ የሚበተነው ቀጭን የብረት ክር ነው። ፀጉር ያክላል፤ በዓይን አይታይም። ከሞጆ ወዲያ ደግሞ የግራር እሾህ አለ። የውድድር ጎማ ቀጭን ነው፤ ፍጥነቱም የሚመጣው ከዚያው ነው። ለልምምድ ጠንከር ያለ መከላከያ ያለው ይሻላል፤ ጌተርስኪን ዓይነት፣ ወይም የቪቶሪያ ሩቢኖ። ፈጣኑ ጎማ ለውድድር ሳምንት ይቀመጥ።

አሰልጣኝ
ከባዱ ጎማ እግር ያበረታል የሚሉም አሉ፣ እኔ አላምንበትም። ግን ልምምድ ላይ ግማሹ ሰዓት ከመነዳሪ (አየር የሚይዘው የውስጡ ላስቲክ) ሲቀየር ማለቁ እውነት ነው። ተቀብያለሁ። ለተወዳዳሪዎቹ የውድድር ጎማ በማኅበሩ ስም ተገዝቶ በመጋዘን ይቀመጥ። ለውድድር ይወጣል፣ ውድድሩ ሲያልቅ ይመለሳል።

አንጋፋ አባል
ልጆቼ፣ በእኛ ጊዜ ኮርሳ የሚነዳ ሰው ቱቦላሬ ነበር የሚያስረው። በማስቲሽ ቸርኬው ላይ ይለጠፋል፤ ከተበሳም ስፌቱን ፈትተህ፣ ጠግነህ፣ መልሰህ ትሰፋዋለህ። በ1956 ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ ብስክሌተኞቻችን ሲወዳደሩ የውድድር ጎማ ማለት እሱ ነበር። ጠባብ፣ ድንጋይ ሆኖ የተነፋ። አሁን ሰፊና ለስለስ ያለው ይፈጥናል ስትሉኝ ይገርመኛል። እውነት ነው?

መካኒኩ
እውነት ነው ጋሼ። መንገዱ መስተዋት ቢሆን ጠጥሮ የተነፋው ያሸንፍ ነበር። የእኛ አስፋልት ግን ሻካራ ነው። ድንጋይ የሆነ ጎማ እያንዳንዱ ጠጠር ላይ ይዘላል፤ ጉልበቱ ወደ ፊት መሄዱ ቀርቶ ሰውነታችንን በመንቀጥቀጥ ያልቃል። ለዚህ ነው ታላላቆቹ ቡድኖችም ከ23 ወደ 25፣ ከዚያ ወደ 28 የሄዱት። ባለ 28 ጎማ ላይ 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከፊት 70፣ ከኋላ 75 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ይጀምር። ከዚያ እንደምቾቱ ያስተካክል። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር ጣሪያው ነው። እዚያ ድረስ ንፉት ማለት አይደለም።

አዲስ አባል
ሰላም፣ እኔ አልወዳደርም። ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ነው የምነዳው፤ ብዙውን በኮሪደሩ የብስክሌት መንገድ። መርካቶ ለስላሳ ጎማ አሳዩኝና ጥርስ ስለሌለው ፈራሁት። በዝናብ አያንሸራትትም?

መካኒኩ
አይዞሽ እህቴ። የመኪና ጎማ ሰፊ ስለሆነ ውሃው ላይ ሊንሳፈፍ ይችላል፤ ጥርሱ ውሃውን ያወጣለታል። የብስክሌት ጎማ ጠባብ ነው፣ ግፊቱም ከፍተኛ ነው። በእኛ ፍጥነት ውሃውን ሰንጥቆ አስፋልቱን ይይዛል። አስፋልት ላይ የሚይዝልሽ ላስቲኩ ራሱ ነው፤ ጥርሱ ብዙም አይጨምርም። የሚያንሸራትተው የቀለም መስመርና የጉድጓድ ክዳን ነው፤ እዚያ ላይ ጥርስ ያለውም አያድንም።

መርካቶ ስትገዢ ይልቅ ሌላ ነገር እዪ። በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጎማ አትውሰጂ። የአዲስ አበባ ፀሐይ ከፍታው ላይ ስለሆነች ላስቲክ ታደርቃለች። ጎኑን ጎንበስ አድርገሽ አጥፊው። ጥቃቅን ስንጥቅ ካየሽ ተዪው፣ አዲስ ነው ቢሉሽም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አባል
ከዚህ ከአሜሪካ ላግዝ። ታኅሣሥ ላይ ወደ አገር ቤት እመጣለሁ። 23 23 ኪሎ ሁለት ሻንጣ አለኝ፤ አንዱን ለማኅበሩ እሰጣለሁ። ግን የሚታጠፈውን ዓይነት ብቻ ነው የምይዘው። ጠርዙ ሽቦ የሆነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ ጠምዝዤ ባስገባው ደግሞ ሽቦው ይጎብጣል። የሚታጠፈው ቀላልም ነው፤ ጂፒ 5000 ባለ 25 አንዱ 220 ግራም አካባቢ ነው። ብዛቱ ግን ንግድ መምሰል የለበትም፤ ጉምሩክ ላይ ማስረዳት አልፈልግም። ስለዚህ ለውድድር የሚሆኑትን ልያዝ። የልምምዱን እዚያው ግዙ።

ሌላም ሐሳብ አለኝ፦ ለምን ከመነዳሪ የሌለውን፣ ቲዩብለስ የሚሉትን አንሞክርም? እዚህ ሁሉም ወደዚያ ሄዷል።

መካኒኩ
ወንድሜ፣ ለአንተ ይሆናል። ቀዳዳ እንዲደፍን ውስጡ የሚጨመረው ፈሳሽ በየጥቂት ወሩ ይደርቃል፤ መሙላት ያስፈልጋል። ያንን ፈሳሽ እዚህ ሁልጊዜ ከየት እናመጣለን? ጎማው ትልቅ ቢቀደድስ መንገድ ላይ ያለ ጎሚስታ ምን ያደርግልሃል? አሁን አይሆንም። ከመነዳሪ እንቀጥል።

በዚያው ላይ፦ አንድ አባላችን ጠርዙ መንጠቆ የሌለው የካርቦን ቸርኬ አለው። እሱ የሚወስደው ለዚያ ቸርኬ የተፈቀደ ጎማ ብቻ ነው፣ ግፊቱም ከ5 ባር መብለጥ የለበትም። 72 ፒኤስአይ ገደማ ማለት ነው። ከጋራው ግዢ ውጪ ለብቻው ይታይ።

ገንዘብ ያዡ
ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው። ገንዘቡስ? እኔ የማቀርበው ዕቁብ ነው። የጎማ ዕቁብ። በየወሩ እናዋጣ፣ ዕጣ የወጣለት ጎማውን ይቀይር።

አሰልጣኝ
ዕጣ? ክሩ የታየበት ጎማ የሚነዳ ልጅ ተቀምጦ፣ ባለፈው ፋሲካ ጎማ የቀየረ ሰው ዕጣ ቢወጣለትስ?

ገንዘብ ያዡ
እሺ፣ ዕጣው ይቅር፤ መዋጮው ይቆይ። ተራው በጎማው ጉዳት ይሁን። ማን ይወስናል?

መካኒኩ
እኔ አያለሁ፤ ለማንም ግን አላዳላም። የሸራው ክር ከታየ፣ ጎኑ ላይ እብጠት ካለ፣ ጥልቅ ቁስል ካለ ቅድሚያ ይሰጠዋል። መሃሉ ተበልቶ ጠፍጣፋ የሆነ ደግሞ ቀጣዩ ነው። የኮንቲኔንታል ጎማ ከሆነ መሃሉ ላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ እነሱ ከጠፉ አልቋል።

ለካዝናውም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለሁሉም ሰው ሁለት ጎማ አያስፈልግም። ቶሎ የሚያልቀው የኋላው ነው፤ የሚሸከመውም የሚገፋውም እሱ ነው። አደገኛው ግን የፊቱ ነው። የፊት ጎማ ከፈነዳ መሪው ከእጅህ ይወጣል። ስለዚህ አዲሱን ፊት አድርጉ። ፊት የነበረውን፣ ደህና ከሆነ፣ ወደ ኋላ ውሰዱ። የኋላው ይጣል። ለብዙዎቻችን አንድ አንድ ጎማ ይበቃል።

ገንዘብ ያዡ
አሁን ገና መነጋገር ጀመርን! ግማሽ ዋጋ ማለት ነው እኮ።

አንጋፋ አባል
እኔማ ሁልጊዜ አዲሱን ኋላ ነበር የማስረው።

አዲስ አባል
እኔ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ደጋግሞ ይተነፍስብኛል። ጎማ ልቀይር ብዬ ነበር። የግድ ነው?

መካኒኩ
ቆይ፣ አትቀይሪ። ከመነዳሪውን አውጥተሽ ቀዳዳውን ፈልጊ። ቀዳዳው ወደ ጎማው በኩል ከሆነ የወጋሽ ነገር አለ፤ ጎማውን ከውስጥ በጨርቅ ጥረጊው፣ በጣት አይሆንም፣ ይቆርጥሻል። ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ቀዳዳዎች ካየሽ አየሩ አንሷል፤ ጉድጓድ ላይ ከመነዳሪው ከቸርኬው ጋር ተቆንጥጧል። ቀዳዳው ወደ ውስጥ፣ ወደ ራጂዎቹ (የቸርኬው ሽቦዎች) በኩል ከሆነ ደግሞ ጎማሽ ንጹሕ ነው፤ ጥፋተኛው ቸርኬው ውስጥ ያለው መሸፈኛ ጥብጣብ ነው። ጥብጣቡ ከጎማ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው።

ጸሐፊያችን፣ ይህንን ረቂቁ ውስጥ አስገቢልኝ። ሁሉም አባል የተበሱ ከመነዳሪዎቹን ይዞ ይምጣ። አንዳንዱ ሰው ጎማ ሳይሆን ጥብጣብ ነው የሚያስፈልገው።

ጸሐፊዋ
በጣም ጥሩ። እስካሁን ካላችሁት ተነሥቼ ረቂቁን እንዲህ ጽፌዋለሁ፦

«ማኅበሩ ለዘንድሮው የጉዞ ወቅት የጎማ ግዢ እንዲፈቅድ እንጠይቃለን። ግዢው ከመፈጸሙ በፊት የእያንዳንዱ አባል ብስክሌት ይለካል። ክፍተቱ ለሚፈቅድ ሁሉ ባለ 28፣ ለማይፈቅድ ባለ 25፣ መከላከያ ያለው የልምምድ ጎማ ይገዛል፤ በመሠረቱ ለአንድ ብስክሌት አንድ። የፊቱም የኋላውም ለተበላሸበት ሁለት። ወጪውን ማኅበሩና አባሉ እኩል ይጋራሉ፤ የአባሉ ድርሻ በየወሩ ይሰበሰባል። ተራው በጉዳት መጠን ይወሰናል። ለተወዳዳሪ ወጣቶች የውድድር ጎማ ተገዝቶ በማኅበሩ መጋዘን ይቀመጣል። ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ይቀርባል።»

የጎደለ ካለ ጨምሩ።

አሰልጣኝ
ከመነዳሪ የለበትም። ቀለል ያለውን፣ የፕላስቲኩን ዓይነት ለልጆቹ ይጨመር። ክብደቱ ከተለመደው ግማሽ እንኳ አይሆንም።

መካኒኩ
እዚህ ላይ አልስማማም። በጥር ወደ አባይ በረሃ ልንወርድ ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። አብዛኞቹ ልጆች ፍሬናቸው ቸርኬውን የሚይዝ ነው። ያ ሁሉ መንገድ ፍሬን ተይዞ ሲወረድ ቸርኬው ይግላል። ከእነዚያ ቀጫጭን ከመነዳሪዎች አንዳንዶቹን ራሱ አምራቹ ለእንዲህ ያለ ፍሬን አይፈቅድም። ለሁሉም የተለመደው ጥቁሩ ይሁን። ይከብዳል፣ ግን ማንኛውም ጎሚስታ በማስቲሽ ይለጥፈዋል። የዲስክ ፍሬን ያለው በራሱ ገንዘብ የፈለገውን ይግዛ።

አሰልጣኝ
ለቁልቁለቱ ስትል ተውኩት።

አንጋፋ አባል
ከፍታው ሲቀየር የጎማው አየርስ አይለወጥም?

መካኒኩ
ይለወጣል ጋሼ፣ ግን በከፍታው ብቻ 2 ፒኤስአይ አካባቢ ነው። እሱ አያሳስብም።

ጸሐፊዋ
ከመነዳሪውን ጨምሬያለሁ፦ የተለመደው፣ ስፋቱ ከጎማው ጋር የሚሄድ፣ ቫልቩ እንደ ቸርኬው ቁመት። ሌላ?

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አባል
ግፊት መለኪያ ያለው የእግር ፓምፕ ይጨመርበት። በአውራ ጣት ተጭኖ «በቃ ደርቋል» ማለት ይብቃን። እሱን እኔ በስጦታ አመጣለሁ።

ገንዘብ ያዡ
እግዜር ይስጥህ። ጎማ ማውለቂያ ፕላስቲኩንም ጣል አድርግበት። በካቻቢቴ እያወለቁ ስንት ከመነዳሪ ቀደዱ።

ጸሐፊዋ
እሁድ ጠዋት ከጉዞ በፊት ልኬቱ ይጀመራል። ብስክሌቱን አጥባችሁ አምጡ፤ ባለፈው ጭቃውን ስንፍቅ ነው ያረፈድነው። ጎማው ላይ ያለውን ቁጥር፣ የፍሬኑን ዓይነትና የራሳችሁን ክብደት በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ክብደቱን ለመካኒኩ ብቻ ነው የምሰጠው፣ አትፈሩ። ባለ 27 ኢንች ያላችሁ ሰዎች ግን ከእሁድ በፊት በግል ጻፉልኝ። የእናንተ ጎማ የሚገኝበትን ቦታ ለብቻው ማፈላለግ አለብን።